ለስድስት ሰው ቤተሰብ፦ ራቭ ፎር ወይስ አይዲ ሲክስ?

አንድ የሐዋሳ ቤተሰብ መኪና ሊገዛ ነው። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና የአባትየው እናት፣ ጠቅላላ ስድስት ናቸው። ታቦር ክፍለ ከተማ ተከራይተው ይኖራሉ። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ ጫምባላላ፣ ወደ ሀገረ ሰላም ይወጣሉ፤ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ አሮጊቷን ለሕክምና አዲስ አበባ ያደርሳሉ። ያጠራቀሙት ገንዘብ ከሁለት አንዱን ይገዛል፦ በ2019 እ.ኤ.አ. የተሠራ ያገለገለ ቶዮታ ራቭ ፎር፣ ባለ 2.5 ሊትር ቤንዚን፤ ወይም ከቻይና የመጣ፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቮልስዋገን አይዲ ሲክስ። በጉዳዩ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የረጅም መንገድ አሽከርካሪና አንዲት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ተከራክረዋል።

አሽከርካሪው

ሠላሳ ዓመት መሪ ይዣለሁ። የቤተሰብን መኪና የምመዝነው ልጅ በታመመበት፣ ዝናብ በያዘበት ሌሊት ነው። ያንን ሌሊት ሳስብ የምመርጠው ራቭ ፎርን ነው።

ታንከሩ 55 ሊትር ይይዛል። በመቶ ኪሎ ሜትር ስምንት ተኩል ሊትር ቢፈጅ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እዚሁ ሞልቶ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ማደያ ሳይገባ ደርሶ ይመለሳል። ቢበላሽ ደግሞ የፍሬን ሸራውን ሻሸመኔ፣ ካንዴላውን ዲላ ያገኛል። ሞተሩን ከፍቶ የሚያውቅ መካኒክ በየከተማው አለ።

አይዲ ሲክስ በ2021 እ.ኤ.አ. ለቻይና ገበያ ብቻ ተብሎ የወጣ መኪና ነው። በአምራቹ አገር በጀርመን እንኳ ለገበያ አልቀረበም። ስክሪኑ የሚናገረው ቻይንኛ ነው። ባለፈው ክረምት የአንድ ወዳጄ የኤሌክትሪክ መኪና የኋላ መብራቱ ተሰብሮ፣ ዕቃው እስኪመጣ አራት ወር ግቢ ውስጥ ቆመ። የተሰበረው መብራት ነው፤ ሞተሩ ደህና ነበር። ሰውየው ግን አራት ወር ልጆቹን በባጃጅ አመላለሰ።

ባለሙያዋ

ጋሼ፣ መንገዱን እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ የማውቀው ሽቦውን ነው። ከሁለቱም በፊት ግን ወንበር እንቁጠር። ራቭ ፎር አምስት መቀመጫ አለው፤ እነዚህ ሰዎች ስድስት ናቸው። ስድስተኛው የት ይቀመጣል? ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ትንሹ ልጅ እናቱ ጭን ላይ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከቆመ ነገር ጋር ግጭት ቢደርስ፣ 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል ከ200 ኪሎ ሸክም ሊበልጥ ይችላል። ያንን በክንዷ የምትይዝ እናት የለችም። አይዲ ሲክስ ባለ ሰባት መቀመጫ ነው፤ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ88 ገደማ ስለሆነ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልጅ በምቾት፣ በቀበቶ ታስሮ ይቀመጣል። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

ስለ ወጪውም ልናገር። በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ወደ 48 ብር ገደማ ሆነ ሲባል ተደናግጠን ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ። ሊትሩን 120 ብር አድርገን፣ ቤተሰቡ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል ብንል፣ ለቤንዚን ብቻ 122,400 ብር ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ በመቶ ኪሎ ሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምረን፣ ኪሎዋት ሰዓቱንም ሆን ብለን ወደ 10 ብር ከፍ አድርገን ብናሰላው ከ28,000 ብር አያልፍም። ልዩነቱ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ማደያ በር ላይ ተሰልፈን ያጠፋናቸውን ቀናት አልቆጠርኳቸውም።

አሽከርካሪው

በወንበሩ ነገር መልስ የለኝም፤ እውነት ብለሻል። ግን እህቴ፣ ሰባቱም ወንበር ሲዘረጋ ከኋላ የሚተርፈው ለሁለት መለስተኛ ሻንጣ የሚሆን ቦታ ነው። ከሀገረ ሰላም ባዶ እጅ አይመጣም፤ ቆጮው አለ፣ ቅቤው አለ። ፖርቶመጋላ ላይ ይጫን ብትይ፣ የንፋሱ ግፊት ባትሪውን ይበላዋል።

ደግሞ ሽቅቡን አስቢ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ላይ ከአስፋልት ወርደሽ ወደ ገጠሩ ስትገቢ ጭቃ ነው። አይዲ ሲክሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ነው፤ ሁለት ተኩል ቶን የሚጠጋ ነገር ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከተቀመጠ በጉልበት አይወጣም። ባትሪው ከሆዱ ሥር ተዘርግቷል፤ ድንጋይ ሲነካው የሚሰማኝ ድንጋጤ የሞተር ዘይት መያዣው፣ ካርተሩ፣ ሲነካ ከሚሰማኝ ይብሳል። ካርተር ቢቀደድ ይበየዳል።

ባለሙያዋ

ጭቃውን እቀበላለሁ። ቤተሰቡ የሚገዛው ራቭ ፎር በአራቱም ጎማ የሚነዳው ከሆነ፣ በዚያ መንገድ ላይ የተሻለው እሱ ነው።

ሽቅቡን ግን አልቀበልም። ስድስት ሰው የጫነ አይዲ ሲክስ 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት የሚጨምርበት ስምንት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ባትሪው 77 ያህል ይይዛል። ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ከግማሽ የማያንሰውን ይመልሰዋል፤ የፍሬን ሸራውም ብዙ አይበላም። ትንፋሽ የሚያጥረው የቤንዚኑ ሞተር ነው። አየሩ ሲሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በ2,700 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። እርስዎ በሽቅብ ላይ ማርሽ እየቀነሱ ሲታገሉ የኖሩት ለዚህ ነው።

የአዲስ አበባውን መንገድም እንቁጠረው። 275 ኪሎ ሜትር 55 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ አዲስ አበባ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል አምስት እንጨምር። ሙሉ ሆኖ የወጣ መኪና አንድ አምስተኛ ያህል ተርፎት ይደርሳል። ለመመለስ እዚያ መሞላት አለበት። መሰኪያው ጂቢቲ የሚባለው የቻይናው ዓይነት ስለሆነ፣ የሚያድሩበት አካባቢ ያለው ቻርጀር ይህ መሰኪያ እንዳለው ከመነሳታቸው በፊት ደውለው ይጠይቁ። መንገድ ላይ አገኛለሁ ተብሎ አይወጣም።

አሽከርካሪው

መብራት ሲጠፋስ?

ባለሙያዋ

በከተማ ውስጥ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢነዱ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት ነው። ግማሽ የተሞላ ባትሪ አምስት ቀን ያለ መብራት ያመላልሳቸዋል። ማደያው ሳምንት ሙሉ ቤንዚን የለም ያለበትን ጊዜ እርስዎም ያስታውሱታል።

አሽከርካሪው

እሺ። አሁን ግን ዋናውን ላንሳ፤ ከመጀመሪያው በልቤ ይዤው ነበር። እነዚህ ሰዎች ተከራይ ናቸው። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት አለ፤ ቆጣሪው አንድ፣ የአከራዩ ነው። ሂሳቡን በየወሩ ለሦስት ይካፈላሉ። አንዱ ተከራይ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሰክቶ ሲያድር ጎረቤቱ ምን ይላል? አከራዩስ? ቤንዚን የራሴ ነው፤ ማንንም ሳላስፈቅድ እቀዳለሁ። የሰው ቆጣሪ ግን የሰው ነው። ሰው በመኪናው ምክንያት ቤት ልቀቅ ሲባል ማየት አልፈልግም።

ባለሙያዋ

ይህ ከተናገሩት ሁሉ ከባዱ ነው፤ እኔም ሌሊት የምጨነቅበት ነገር ነው። ቆጣሪው ብቻ ቢሆን በቀለለ። በተከራዩ ቤቶች ውስጥ የማየው የሶኬት ሽቦ ለሻይ ማፍያና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ብዙው ቤት ደግሞ የመሬት ሽቦ የለውም። ቻርጀሩ የመሬት ሽቦ ካላገኘ አልሠራም ይላል። ይህን ለማታለል የሚሸጥ ማያያዣ አለ። በእጄ ይዤ የጣልኩት አለ፤ መኪናው አካል ላይ ኤሌክትሪክ ቢፈስ መጀመሪያ የሚነካው በሩን የሚከፍተው ልጅ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መኪናው ከመገዛቱ በፊት የአከራዩ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፤ የራሳቸው ቆጣሪ ይጠየቅ፤ ካልሆነም ለመኪናው ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ገብቶ በልኩ ይክፈሉ። ከዋናው ሳጥን ራሱን የቻለ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ የመሬት ሽቦ ይዘርጋ። በ16 አምፒር እንኳ አሥር ሰዓት ተሰክቶ ቢያድር 150 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ይሞላል። ከዚህ አንዱ ከጎደለ፣ እኔ ራሴ አይዲ ሲክሱን አትግዙ እላቸዋለሁ።

አሽከርካሪው

ካልሽስ ተቀራርበናል። ፈቃዱ ተገኝቶ ሽቦው ከተዘረጋ፣ ለስድስት ሰው ያንቺው ይሁን። አንድ ነገር ግን ጨምሪበት፦ መኪናው ትርፍ ጎማ ይዞ አይመጣም፤ የፊትና የኋላ ጎማው ስፋትም የተለያየ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ለፊቼ ከመውጣታቸው በፊት የጎማውን ነገር ይጨርሱ። በዚያ ገጠር ጎማ የፈነዳበት ሰው የሚያድረው መኪናው ውስጥ ነው።

አከራዩ እምቢ ካለ ደግሞ ራቭ ፎሩን ይግዙ። ወደ አገር ውስጥ የሚገባው የቤንዚን የቤት መኪና በ2016 ዓ.ም. ስለታገደ፣ ነገ ቤት ሲሠሩ ለመሸጥ ቢፈልጉ ገዢ አያጡም። አሮጊቷን ለሕክምና ሲወስዱ ሁለቱ ልጆች እዚህ ዘመድ ቤት ይቆዩ።

ባለሙያዋ

ልጆቹ ይቆዩ ካሉ እስማማለሁ፣ ጋሼ። ለፊቼም ስድስተኛው ሰው በአውቶቡስ ይሂድ። ጭን ላይ ግን ማንም አይቀመጥ።