ሳሙምን የሰራው ግሮም አይደለም

«የፖላንዱ ግሮም በ1990 ስድስት የአሜሪካ ሰላዮችን ከሳዳም መንጋጋ ፈልቅቆ አወጣ» ብለህ የጻፍከው ወንድሜ፣ ታሪኩ እውነት ነው ባለቤቱን ግን ቀይረኸዋል። ግሮም የፖላንድ ልዩ የኮማንዶ ክፍል ነው፣ ሰላዮቹን የማውጣቱን ስራ፣ ኦፕሬሽን ሳሙም የሚባለውን፣ የሰራው ግን የፖላንድ የስለላ መስሪያ ቤት ነው፣ የመራውም ግሮሞስዋቭ ቼምፒንስኪ የሚባል የስለላ መኮንን፣ ኮማንዶ የለ ሄሊኮፕተር የለ። ያኔ ኢራቅ ውስጥ የፖላንድ ኮንስትራክሽን ካምፓኒዎች ስለነበሩ አሜሪካኖቹን የፖላንድ ፓስፖርት አስይዘው ከሰራተኞቹ ጋ ቀላቅለው በመኪና ወደ ቱርክ አሻገሯቸው፣ በቃ። ኬላ ላይ ፖላንድኛ የሚችል ኢራቃዊ መኮንን ገጠማቸው ይባላል፣ እስቲ አስበው፣ ፓስፖርትህ ፖላንዳዊ ነህ ይላል አንተ አንዲት ቃል አታውቅም!

ግሮም ያን ጊዜ ገና ጨቅላ ነበር፣ የተቋቋመው በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው፣ ሳሙም ደግሞ ጥቅምት ላይ፣ በሶስት ወር የትኛው ኮማንዶ ነው ሰልጥኖ የሚያልቀው? የሚያምታታው ምን መሰለህ፣ የግሮም መስራች ስዋቮሚር ፔተሊትስኪም የመጣው ከዛው ከስለላው ቤት ነው፣ ስለዚህ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል።

የግሮምን ጀብዱ ከፈለግክ ደግሞ ሞልቷል እኮ፣ የሌላ ሰው መዋስ አያስፈልግም። 1994 ሃይቲ ነበሩ፣ 1997 ክሮኤሺያ ውስጥ በጦር ወንጀል የሚፈለገውን ስላቭኮ ዶክማኖቪችን ያዙት፣ ኢራቅም ቢሆን በ2003 ገብተዋል፣ ከአሜሪካ የባህር ኃይል ኮማንዶዎች ከኔቪ ሲልስ ጋ ሆነው ባህር ላይ ያሉትን የነዳጅ መጫኛ ተርሚናሎች ሳይፈነዱ ተቆጣጠሩ። ፖስቱን ኤዲት ብታደርገው አሪፍ ነው፣ ሼር እየተደረገ ነው።