የሽጉጥ ፍሬም በአሜሪካ ሕግ ፊት መለዋወጫ አይደለም

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ ውስጥ ተራ ገዢን በቀላሉ ከሚያሳስቱት ነገሮች አንዱ የሽጉጥ ፍሬም ነው። ፍሬም የመተኮሻው አሠራር የሚቀመጥበት፣ አፈሙዙና ስላይዱ (ከላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ክፍል) የሚገጠሙበት አካል ሲሆን፣ ብቻውን ጥይት ስለማይተኩስ ብዙዎች እንደማንኛውም መለዋወጫ ዕቃ ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ፍሬሙን ራሱን የጦር መሣሪያ አድርጎ ይተረጉመዋል። በዚህ ሕግ መሠረት በወንጀል ምክንያት መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ ሰው ባዶ ፍሬም ይዞ ቢገኝ፣ ሙሉ ሽጉጥ እንደያዘ ሰው ይጠየቃል።

ሕጉ በዚህ አቋሙ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሽጉጥ የሚፈታና የሚገጣጠም ዕቃ በመሆኑ፣ መለያ ቁጥሩና ኃላፊነቱ በአንድ በታወቀ ክፍል ላይ ካላረፉ በቀር፣ መሣሪያውን ከፋፍሎ የሚገዛ ሰው ቁጥጥሩን በሙሉ ሊያመልጥ ይችላል። ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ ግዴታው ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት በግልጽ የሚነገረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ለምሳሌ ሕጉ የሚቆጣጠረው ክፍል በሁሉም ሽጉጥ ላይ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። በግሎክ ሽጉጥ ላይ ፍሬሙ እጀታውን የያዘው የፕላስቲክ አካል ሲሆን፣ መለያ ቁጥሩ የሚገኘው በውስጡ በተቀበረ የብረት ሰሌዳ ላይ ነው። በሲግ ሳወር ፒ320 ላይ ደግሞ በሕግ የጦር መሣሪያ የሚባለው ከእጀታው የሚወጣው የብረት ክፍል ብቻ ነው፤ እጀታው በፌዴራል ሕግ ያለ ምንም ፎርም ይሸጣል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው በቅን ልቦና ሊሳሳት ይችላል።

ፈቃድ ካለው ነጋዴ ፍሬም የሚገዛ ሰው 4473 የተባለውን የፌዴራል ፎርም ሞልቶ፣ ከ1998 ጀምሮ በሚሠራው ብሔራዊ ሥርዓት የኋላ ታሪኩ መጣራት አለበት። በዕድሜ ረገድ ደንቡ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ነጋዴው ለ18 ዓመት ወጣት ጠመንጃ ሊሸጥለት ሲችል፣ ባዶ ፍሬም ግን ገና ጠመንጃ ያልሆነ መሣሪያ በመሆኑ ገዢው 21 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይጠየቃል። ከሌላ ክፍለ ግዛት ያዘዘ ሰውም ፍሬሙን የሚረከበው በሚኖርበት ክፍለ ግዛት ካለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ እጅ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ለዘመድ ወይም ለጓደኛ መግዛት ነው። በፎርሙ ላይ ትክክለኛው ገዢ ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በወሰነው ጉዳይ፣ አንድ ሰው አጎቱ አስቀድሞ በላከለት የ400 ዶላር ቼክ ሽጉጥ ገዝቶ ራሱን ትክክለኛ ገዢ አድርጎ በመፈረሙ ጥፋተኛ መባሉ ጸንቷል። አጎትየው መሣሪያ መያዝ ያልተከለከለ መሆኑ ገዢውን አላዳነውም። በራስ ገንዘብ ገዝቶ ከልብ ስጦታ መስጠት ይፈቀዳል፤ በሌላ ሰው ገንዘብ ገዝቶ በራስ ስም መፈረም ግን ወንጀል ነው፤ ፍሬምም ከዚህ አያመልጥም። ከ2022 ወዲህ ደግሞ መሣሪያ መያዝ ለተከለከለ ወይም ለከባድ ወንጀል ሊጠቀምበት ላሰበ ሰው እያወቁ መግዛትን የሚመለከት ራሱን የቻለ ሕግ ስላለ፣ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። ለቤተሰብ ውለታ እየዋለ እንደሆነ የሚያስብ ሰው ይህን ሊያውቅ የሚገባው ፎርሙ ፊት ከመቆሙ በፊት ነው።

ሳይጠናቀቁ የሚሸጡ ፍሬሞች ለዓመታት ከዚህ ሁሉ ውጪ ነበሩ። በ2022 የወጣው የፌዴራል ደንብ በቀላሉ ወደ ሙሉ መሣሪያ የሚለወጡትን በቁጥጥሩ ሥር ያስገባ ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2025 በ7 ለ2 ድምፅ ደንቡ ከሕጉ ጋር እንደማይጋጭ ወስኗል። ጥቂት ቀዳዳ በስቶ የሚጨርሰውን ሰው ከተጠናቀቀ ፍሬም ገዢ ለይቶ ነጻ ማድረግ ምክንያት አልነበረውምና ውሳኔውን እደግፋለሁ።

የፌዴራል ሕግ ያልተከለከለ ሰው ለራሱ መጠቀሚያ ሽጉጥ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ክፍለ ግዛቶች ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ በሜሪላንድ ከመጋቢት 1 ቀን 2023 ጀምሮ መለያ ቁጥር የሌለው መሣሪያ መያዝ ራሱ የተከለከለ ነው፤ በኒው ዮርክ ደግሞ ሽጉጥ ለመያዝ አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ፍሬም የሚሸጥ ድርጅት ሁሉ ክፍያ ከመቀበሉ በፊት ስለ ዕድሜው፣ ስለ ማጣሪያው፣ ለሌላ ሰው ስለመግዛትና ስለ ገዢው ክፍለ ግዛት ሕግ በአንድ ገጽ ጽሑፍ እንዲያስረዳ በሕግ ሊገደድ ይገባል።