ብርዱ ከፀሐይ ርቀት አይደለም

ሰላም የጎንደር ልጆች። «ሰሞኑን ምድር ከፀሐይ እጅግ ስለራቀች ብርዱ ይበረታል፤ መድኃኒት ገዝታችሁ አስቀምጡ» የሚለውን መልእክት ብዙ ሰው እየተጋራው ነው። ምክንያቱ ትክክል አይደለም።

በሰኔ መጨረሻ ርቀቱ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ገና ሲቃረብ ደግሞ 147 ሚሊዮን። ልዩነቱ 3 በመቶ ያህል ነው። እንዲያውም የእኛ ሌሊት የሚከፋው ፀሐይ በምትቀርብበት ሰሞን ነው! ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ ያደረ ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ሲል የመሬቱ ሙቀት ሌሊት ያመልጣል። የሐምሌው ቅዝቃዜ ከደመናና ከዝናብ ነው፤ በዚያው ወር አውሮፓ በጋ ነው።

ማጣራት የሚፈልግ የታኅሣሥንና የሐምሌን የሌሊት ሙቀት ከሜትዎሮሎጂ መረጃ ያስተያይ። ለዚህ ብሎ ያለ ሐኪም መድኃኒት መግዛት ግን ብር ማባከን ነው፤ ሊጎዳም ይችላል።