ባትሪ ካላዘዘው የማይከፈት በር

ጓደኛዬ በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የበሩ መስታወት ፍሬም የለውም፤ በሩ ሲከፈት መስታወቱ ብቻውን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያምራል፣ አልዋሽም። አንድ እሑድ ከሰዓት እናቱን ከኋላ አስቀምጠን ጣና ዳር ወረድን። ሐይቁን እያየን ስናወራ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። የበሩን ቁልፍ ብንጫን ዝም። መስኮቱም ዝም።

የሞተው ትልቁ ባትሪ አልነበረም። እሱ ከግማሽ በላይ ነበረው። የሞተችው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ናት። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፦ በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ትልቁ ባትሪ ጎማ ያዞራል፣ በሩን፣ መስታወቱንና ስክሪኑን የምታዘው ግን ትንሿ ናት። እሷ ከሄደች ሙሉ ቻርጅ ያለው መኪና ቆሞ ይቀራል።

ፍሬም የሌለው መስታወት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ድሮ ሱባሩም እንዲህ ዓይነት በር ነበረው፤ ግን መስታወቱ ጎሚኒው ላይ ተደግፎ ይቆም ነበር፣ እጀታውም ተራ እጀታ ነው። በአዲሶቹ መስታወቱ ከላይ ጎሚኒው ውስጥ ይገባል፣ ነፋስና ዝናብ እንዳያስገባ። ስለዚህ በሩን ልትከፍት ስትል ሞተር መስታወቱን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፣ ስትዘጋ መልሶ ያነሳዋል። መብራት ከሌለ ዝቅ የሚያደርገው የለም። በግድ ስትከፍት መስታወቱ ጎሚኒውን እየፋቀ ይወጣል።

እኛም እንደዚያው ሆነ። ጓደኛዬ ከፊት በር ላይ አንዲት ማንሻ አገኘና ሳብ አደረጋት። ጭርርር አለ፤ ተከፈተ። ከኋላ ግን ምንም አላገኘንም። ከውጭ ብንሞክርም እጀታው ከበሩ ጋር ተለጥፎ ቀረ። እማማን በወንበሮቹ መሀል ወደ ጋቢና ይሹለኩ ብንል፣ «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ድመት አልሾልክም» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ።

ያወጣቸው ባጃጅ ነው። ሾፌሩ ባትሪውን አምጥቶ ኮፈን ከፍተን በሽቦ አገናኘን፤ መኪናው ነቃ፣ በሩ ጠቅ አለ። ልጁ እየሳቀ «የእኔን ሸራውን ገለጥ ማድረግ ብቻ ነው» አለን። ምን እንለዋለን?

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በ2025 (እ.ኤ.አ.) መስከረም ወር የቴስላ ሞዴል ዋይ በሮችን መመርመር ጀምሯል፤ 174,000 ገደማ የ2021 ምርት መኪኖችን ይመለከታል። ልጆቻቸው ውስጥ ቀርተው በሩ እምቢ ያላቸው ወላጆች መስታወት እስከ መስበር ደርሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ሞዴል 3 መኪኖች ደግሞ በእጅ የሚሳብ መክፈቻ ያላቸው በፊት በሮች ብቻ ነው። ቻይና ከ2027 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሚወጡ አዳዲስ ሞዴሎች ከውስጥም ከውጭም ያለ ኤሌክትሪክ የሚከፈት እጀታ ግዴታ አድርጋለች። የእኛን መንገድ እየሞሉ ያሉት መኪኖች ግን ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ይሁን፣ በዚያ አልከራከርም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለቦሎ መኪና ሲመረመር ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል። የትንሿ ባትሪ ሽቦ ተነቅሎ አራቱም በሮች ከውስጥ ይከፈታሉ ወይ ተብሎ ለምን አይታይም? አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የማይከፈት ካለ ባለቤቱ ቢያንስ ይወቀው። ሻጩም መኪናውን ሲያስረክብ ስለ ስክሪኑ ግማሽ ሰዓት ከሚሰብክ የኋላውን በር ያለ ባትሪ ከፍቶ ያሳይ። በተለይ እኛ ከተማ፣ ብዙ ሰው ውሃ ዳር አቁሞ በሚቀመጥበት። መስታወት ሰብሬ እወጣለሁ እንዳትል፣ አንዳንዱ የጎን መስታወት ድርብ ነው፣ መሀሉ ፕላስቲክ አለበት፤ በመዶሻ ቢመታም ተሰነጣጥቆ ይቀራል እንጂ አይወርድም።

በኋላ ነገሩን ስናጣራ የጓደኛዬ መኪና የኋላ በርም ገመድ አለው። በሩ ኪስ ውስጥ፣ ከምንጣፉ ሥር ተደብቋል። መመሪያው ላይ በሥዕል ተቀምጧል፣ ጽሑፉ ግን በቻይንኛ ነው። ጓደኛዬ ምንጣፉን ቆርጦ ገመዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረበት። እማማ አሁን መኪና ሲገቡ መጀመሪያ ቀዩን ጨርቅ በእጃቸው ይዳስሳሉ።