ደረጃ 20 ተደርሶ ነጥቡ ዜሮ

ኧረ ይሄ ነገር ልክ አይደለም! በድሬ ሙቀት፣ ስልኩ እንደ ምጣድ እየጋለ ጌሙ ደረጃ 20 ይደርሳል፤ ጌም ጭኖ ለተጫወተ ነጥብ የሚሰጠው የሽልማት ሳይት ላይ ግን ያው «በመጠባበቅ ላይ»። የኢንተርኔት ጥቅሉ አልቋል፣ ነጥቡ የለም።

ነገሩ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው። ሳይቱ ላይ ያለው የጌሙ ሊንክ ሲነካ አንድ መለያ ቁጥር ይፈጠራል፤ አፑ ተጭኖ ሲከፈት ያ ቁጥር ተመልሶ ሳይቱ ጋ ካልደረሰ የለፋኸውን ማንም አያውቅልህም። ቪፒኤን (የኢንተርኔት አድራሻን የሚደብቅ አፕ) ወይም የማስታወቂያ ማገጃ ከበራ ክትትሉ ሊቆረጥ ይችላል። አፑ ድሮ ስልኩ ላይ ከነበረ አጥፍቶ እንደገና መጫን ብዙም አያድንም፤ «አዲስ ተጠቃሚ» አትባልም። ከዚራ ካፌ ዋይፋይ ላይ ሊንኩን ነክቶ ሳቢያን ቤት ገብቶ በዳታ መጫንም ክትትሉን ሊያስተው ይችላል። ወንድምና እህት በአንድ ዋይፋይ ሁለት አካውንት ከከፈቱማ፣ በቃ፣ ሁለቱም ለእገዳ ተጋለጡ።

ስለዚህ ለማስረጃ ስክሪንሹት፦ ኦፈሩ፣ ማለትም ሳይቱ ነጥብ የሚሰጥበት ሥራ፣ ሲከፈት ከነመስፈርቱ፣ አፑ ሲጫን ከነሰዓቱ፣ ደረጃው ሲሞላ ከነተጠቃሚ መለያው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፣ አለዚያ የሳይቱ ሰዎች ለዚያም ሰበብ አያጡም። ይሄ ሁሉ ተልኮላቸውም «አስተዋዋቂው (ጌሙን የሚያስተዋውቀው ድርጅት) አልተቀበለውም» ብለው ቅሬታውን ይዘጉታል። አስተዋዋቂውማ ተጫዋቹን አግኝቷል፣ ምን ቸገረው!