ስንት ሜጋ ፒክስል ነው?

ታና ዳር ቁጭ ብዬ ፔሊካን እያነሳሁ ነበር። ፔሊካኑ ክንፉን ዘርግቶ ውሃው ላይ ሊያርፍ ሲል፣ ጣቴ ልትጫን ስትል፣ ከጀርባዬ ድምፅ መጣ። «ብሮ፣ ስንት ሜጋ ፒክስል ነው?»

ዞርኩ። ፔሊካኑ አረፈ። ፎቶውም አለፈ።

ልጁ አቮካዶ ጁሱን በማንኪያ እየዛቀ መልሴን ይጠብቃል። «እንደምን ዋልክ» የለም። «ምን እያነሳህ ነው?» የለም። ቁጥሩን ብቻ ነው የፈለገው። «24» አልኩት። ፊቱ ላይ የታየው ኀዘኔታ ለቅሶ ቤት እንኳ አይታይም። «የኔ ስልክ እኮ 108 ነው» አለና ወደ ጁሱ ተመለሰ።

ካሜራ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ከባሕር ዳሩ ጊዮርጊስ አደባባይ እስከ ሐይቁ ድረስ ተራመዱ። ስንት ሜጋ ፒክስል ነው? ስንት ገዛኸው? አሁን ስንት ያወጣል? ባጃጅ ነጂው ይጠይቃል። ሊስትሮው ይጠይቃል። ፎቶ ተነስቶ የማያውቅ ዘበኛ ይጠይቃል። «ያነሳኸውን እስቲ አሳየኝ» የሚል ግን የለም።

እሺ፣ በቁጥርም እንነጋገር። አንድ ሜጋ ፒክስል አንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው። 24 ሜጋ ፒክስል ማለት ወደ ጎን 6000፣ ወደ ላይ 4000 ነጥብ ያለው ፎቶ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ጥርት ብሎ እንዲታተም የሚፈልገው ወደ 9 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ኤ4 አሳትሞ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ደግሞ በሰፈራችን የለም። ሁሉም በቴሌግራም ነው የሚላላከው። ቴሌግራም ደግሞ እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩለት ረጅሙን ጎን ባብዛኛው ወደ 1280 ነጥብ ያወርደዋል። በሒሳብ፣ የኔም 24 የልጁም 108፣ ፍቅረኛው ጋ ሲደርስ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። እንዲያውም አብዛኞቹ ባለ 108 ስልኮች ካልነካኳቸው በቀር ዘጠኝ ዘጠኙን ነጥብ አዋሕደው 12 ሜጋ ፒክስል ነው የሚያስቀምጡት። ይህን ለልጁ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ጁሱን ይጠጣ።

አያቴ የምትወዳት አንዲት ተረት ነበረች፤ እኔም ወረስኳት። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል»። አያቴ ይህን የምትለው ስለ ነጠላዋ ነበር። ለካሜራ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ ግን እስካሁን አላገኘሁም። የመጀመሪያዋ ግማሽ ለባለ ጁሱ ልጅ ትሁን። ሁለተኛዋ የኔ ናት።

ካሜራ ማወቅ የፈለገ ሰው ወደ ዘጌ በጀልባ ይሂድ። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ፊት ላይ ይረጫል። በአንድ እጅ የጀልባውን ጠርዝ ትይዛለህ፣ በሌላው ካሜራውን። ያኔ ነው ጥያቄው የሚመጣው። ጣትህ ሳታይ ቁልፏን ታገኛለች? ማንጠልጠያው አንገትህን አይሞርድም? በጠራራ ፀሐይ የጀርባው ስክሪን ጨልሞ ራስህን ብቻ ሲያሳይህ ዓይንህን የምታስጠጋበት መመልከቻ አለው? የኔው ካሜራ የእጅ መያዣው ጎማ ተልጧል፤ በሱፐር ግሉ መልሼ ለጥፌዋለሁ። ግን ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ድንገት ቢያልፍ፣ ከቦርሳ አውጥቼ እስካነሳው አጥማጁ ብዙም አይርቅም። ይህን ካርቶኑ ላይ የጻፈ ኩባንያ የለም።

ከጀልባው ወርዶ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የወጣ ሰው ደግሞ ሁለተኛው ፈተና ይጠብቀዋል። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ውስጡ ግን ጨለም ይላል። ፍላሽ አይፈቀድም፤ መከልከሉም ትክክል ነው። አንዴ አንድ እንግዳ ክንድ የሚያክል ሌንስ ይዞ ገባ። ሁላችንም መንገድ ለቀቅንለት። ሰዓሊ የደከመበትን ግድግዳ ፎቶው ላይ ጥቁር አድርጎ ወጣ። አጠገቡ አንዲት ተማሪ ትንሽዬ 50 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳዋ 1.8 የሆነች ርካሽ ሌንስ ይዛ ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ባለ 1.8ቷ፣ ከካሜራው ጋር ተገጥሞ ከሚመጣው ተራ ሌንስ፣ ሲያቀርቡት 5.6 ከሚሆነው፣ ወደ 10 እጥፍ ብርሃን ታስገባለች። የሷ ፎቶ ላይ የመላእክቱ ዓይን ሳይቀር ይታያል። እዚያ የነበሩት አባት ሁኔታችንን አይተው ትልቁን የእንጨት በር ገፋ አደረጉልን። «አሁንስ ልጆቼ?» አሉ። እሳቸው ስለ ሜጋ ፒክስል አልጠየቁም። ዋናው ነገር ብርሃን መሆኑን ገብቷቸዋል።

በሰፈራችን ትልቁ ካሜራ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አልናገርም። ውጭ አገር ያለ ዘመዱ ነው ያመጣለት። ቁጥሩን በቃሉ ይዞታል። ካሜራውን ግን ማንም አይቶት አያውቅም። በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከእናቱ የክት ቀሚስ ሥር ተቀምጧል። «አቧራ እንዳይገባው» ይላል። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ጠጥቶ መስከረም ላይ ሲወጣ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ድሩን አድርቶበታል። ሻጋታ ጨለማና እርጥበት ይወዳል። ሲቆይ መስታወቱ የተቀባውን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ቢወለወልም አይመለስም። የሚዞርና ፀሐይ የሚያይ ካሜራ ላይ እምብዛም አይሰፍርም። ይኸው ሰውዬ ነው ሐይቁ ዳር ያሉትን ፎቶ አንሺዎች «ካሜራቸው አሮጌ ነው» የሚለው። አሮጌ ነው እንጂ! ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። የባትሪ ክዳኑን በፕላስተር አሥረውታል። በዚያ ካሜራ ልጅ አስተምረዋል። ሙሽራ ከነሚዜዎቹ አሰልፈው፣ ፀሐይዋን ከጀርባ አድርገው፣ «አገጭ ቀና!» ብለው ቀጭ ሲያደርጉ አንድም ቁጥር አይጠሩም። ስለ ካሜራ ምክር የሚፈልግ እነሱን ይጠይቅ።

ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ ቂም አለኝ። የድሮውን የ1 ብር ኖት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ጀርባው ላይ ፏፏቴው በሙሉ ስፋቱ ይወርዳል። አገሩ ሁሉ ጢስ ዓባይን ያወቀው ከዚያች ወረቀት ነው። በፈረንጆቹ 1964 አንድ የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በ2001 ደግሞ ከሱ የሚበልጠው ሁለተኛው መጣ። ውሃው ወደ ተርባይኑ ሲዞር በበጋ ገደሉ ላይ የሚቀረው ቀጭን ነው። ብሩም ቆይቶ ሳንቲም ሆነ። ይህን ሁሉ ለአዲስ አበባ ዘመዶቼ ማን ይንገራቸው? በሚያዝያ ይመጣሉ። «ጢስ ዓባይን በደንብ አንሳልን» ይላሉ። 30 ኪሎ ሜትር አቧራ በልተን እንሄዳለን፣ እናነሳለን። ማታ ፎቶውን ሲያዩ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ካሜራህ ቀሽም ነው። ጢሱ የታለ?»

ጢሱ የታለ! ውሃው ተርባይን ውስጥ ነው፣ ሌንሴ ምን ያድርግ? የእውነት ያናድዳል። ነሐሴ መጨረሻ ወይ መስከረም ላይ ኑ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ። በዚያ ወቅት የመጣ ሰው ስልኩም ጢሱን ያሳየዋል፤ ካሜራውን ከእርጥበቱ የሚሸፍንበት ፌስታል ብቻ ይያዝ። እነሱ ግን የሚመጡት ፈቃድ በወጡበት ወር ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የካሜራዬ። በዚህ ላይ ውሃው መብራት ለመሆን ሄዷል ተባልን። ቤት ስገባ መብራት የለም! ባትሪዬን የት ልሙላ?

ባትሪም ካነሳን ልናገር። አዲሶቹ መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራዎች፣ ማለትም ምስሉን ወደ ዓይን የሚመልሰው መስታወት ውስጣቸው የሌለው፣ ጥሩ ናቸው፣ አልክድም። ግን ዓይንህን ስታስጠጋም የምታየው ስክሪን ነው፣ ስክሪን ደግሞ ባትሪ ይበላል። አሮጌው ባለ መስታወት በሌንሱ በኩል ያለውን ራሱን ያሳይሃል፤ ስታየው ባትሪ እምብዛም አይነካም። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ ትንሽ ነገር ነው። እኛ ጋ ግን ቀኑን ሙሉ ሠርግ የሚውል ሰው ይህን ሳይጠይቅ ከገዛ፣ ኬኩ ሳይቆረስ ካሜራው ይተኛል።

ለዚህ ነው ቻርጀር የምወደው። ለዚህ ነው የአክስቴን ልጅ ይቅር ያላልኩት። ለጥምቀት ብሎ ካሜራዬን ተዋሰ። «በዓይኔ ነው የምይዘው» ብሎ ማለ። ሲመልሰው የሌንሱ ክዳን የለም። ሚሞሪው በማላውቃቸው ሰዎች ፖዝ ተሞልቷል። መክፈቻዋ ቁልፍ ላይ የደረቀ ማንጎ አለ። ቻርጀሩ ደግሞ «ነገ አመጣዋለሁ» ተባለ። ያ ነገ ገና አልነጋም። ከዚያ ወዲህ ዋናውን ቻርጀር አጥቼ በማስመሰያ ቻርጀር ነው የምሠራው። ባትሪዬ ሆዱን ነፍቶ ከካሜራው አልወጣ ብሎኝ በጥፍሬ ጎትቼ ያወጣሁበት ቀን አለ።

ምን ነበር የጀመርኩት? አዎ፣ ሜጋ ፒክስል። በቃ፣ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሁሉ መልሱ 500 ነው። የሚያረጋግጥ የለም። አንዳንዱ ያከብረኛል፣ ፔሊካኔንም በሰላም አነሳለሁ።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። ጥምቀት እየደረሰ ነው። «ጋሼ፣ እንዴት ከረምክ?» ይላል የአክስቴ ልጅ። በአንድ ዓመት ነው የምበልጠው። ጋሼ ካለኝ ካሜራ ፈልጓል ማለት ነው። አላውስም። ቻርጀሩን ይዞ ከመጣ ግን ቡና አፈላለታለሁ፣ ካሜራውን ደግሞ ከሩቅ አሳየዋለሁ።