ለመንፈሳዊ ኮሌጅ በምንጽፈው የምስክርነት ደብዳቤ ላይ የቀረበ ተግሳጽ

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ የምትኖሩ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ከእናንተው መካከል ሆኜ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የመንፈሳዊ ኮሌጅ አመልካቾችን ሰነድ ከሚመረምሩና የመግቢያ ፈተና ከሚያርሙ መምህራን እንደ አንዱ ነው። ሰባኪው አላዋቂ ሆነ፣ ካህኑ መጽሐፍ አያነብም፣ ዐውደ ምሕረቱን ነጋዴ ወረሰው የሚል ሮሮ በየቤቱ እሰማለሁ፤ ሮሮው እውነት አለበት። ነገር ግን ያ የምናማው ሰባኪ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ ባዶ እጁን አልሄደም። የእኛን የአጥቢያ የምስክርነት ደብዳቤ ይዞ፣ የእኛን ማኅተም አሳይቶ ነው የገባው። ወደ መንፈሳዊ ኮሌጅ የሚገባው ሰው ሁሉ እኛ የመሰከርንለት ሰው ነው፤ እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንመሰክረው በሐሰት ነው።

አሠራሩን በቅርብ ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚጠየቀው የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ነው፤ ውጤቱ ከበቃ ጠባዩንና እምነቱን የሚመረምር የለም። የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ግን፣ የኦርቶዶክሱም ሆነ የወንጌላውያኑ፣ ከትምህርት ማስረጃው ጋር የሰው ምስክርነት ይፈልጋል። በእኛ ቤት አመልካቹ የሚያገለግልበት አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ፣ ማለትም ካህናትና ምእመናን አብረው አጥቢያውን የሚያስተዳድሩበት ጉባኤ፣ ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ የወረዳ ቤተ ክህነቱ ያረጋግጠዋል፤ ሀገረ ስብከቱ ይሸኘዋል፤ ማዕርገ ክህነት ካለውም ማስረጃውን ያቀርባል። ከዚያ በኋላ የጽሑፍ ፈተናና የቃል ጥያቄ ይከተላል። ሥርዓቱ እንዲህ የተደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በቢሮ የተቀመጠ መምህር በደምበጫ ወይም በእስቴ የኖረን ወጣት ሕይወት ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው አብሮት የጾመና ያስቀደሰ፣ ሲጣላም ሲታረቅም ያየው ጎረቤቱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ከእርሱ ጋር ይዞት የሄደው በልስጥራንና በኢቆንዮን ያሉ ወንድሞች መስክረውለት እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። የአጥቢያ ምስክርነት እንግዲህ ትናንት በቢሮ የተፈጠረ ወረቀት አይደለም።

እኛ ምን እንዳደረግነው ተመልከቱ። በእጄ ከገቡት ደብዳቤዎች መካከል ከሁለት የተለያዩ አጥቢያዎች የመጡ ሁለት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ቃላቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው፤ «በታማኝነት» የሚለው ቃል እንኳ በሁለቱም ላይ አንድ ፊደል ጎድሎታል። የአመልካቹ ስም ክፍት በተተወ ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ተሞልቷል። አንዱን ደብዳቤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ ሳየው የኮምፒውተሩ ፊደል በሐምራዊው ማኅተም ላይ ተደርቦ ታትሟል፤ ይህም ማለት ባዶ ወረቀት ማኅተም ተደርጎበት ተሰጥቷል፣ ጽሑፉ በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ተሞልቷል ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያንን ማኅተም በባዶ ወረቀት ላይ አሳርፎ ለሰው መስጠት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ገንዘብ ቢሆን ኖሮ በፊርማ ብቻ እንደተሰጠ ባዶ ቼክ ይቈጠር ነበር።

ለብዙ ዓመታት በቅዳሴ እንዳገለገለ የተመሰከረለት ሌላ ልጅ ለቃል ጥያቄ ቀረበ። መዝሙረ ዳዊትን ከፍተን የመጀመሪያውን መዝሙር፣ «ብፁዕ ብእሲ» የሚለውን፣ እንዲያነብልን ሰጠነው። ሁለተኛው ቃል ላይ ቆመ፤ ጣቱን በፊደሉ ላይ አድርጎ ቀና ሳይል ቆየ። ዳዊት የንባብ ቤት ልጅ የሚደግመው ነው። በዚያች ሰዓት የልጁን ፊት ያየ ሰው ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ እርሱን ለዚያ ኀፍረት ያቀረቡት ስለማያውቁት ነገር የፈረሙ ታላላቆቹ ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በማንም ላይ ፈጥኖ እጁን እንዳይጭን ሲያዝዘው፣ በሌሎች ኃጢአትም እንዳይተባበር ጨምሮ ነግሮታል። የመጀመሪያው ቃል ለጳጳሳት ነው እንበል፤ ሁለተኛው ግን ያለ ጥርጥር ማኅተም ለያዝነው ለእኛ ነው።

ለምን እንደምናደርገው አውቃለሁ። ጉቦ የሚበላ ጥቂት ይኖራል፤ የሚበዛው ግን በይሉኝታ ነው። የጎረቤት ልጅ ነው፣ አባቱ ለሕንፃው ማሠሪያ ሰጥቷል፣ እናቱ በማኅበር አብራን ትጠጣለች፣ እምቢ ብንል ቂም ይያዝብናል እንላለን። ነገም የእኛ ልጅ ሲፈልግ የእነርሱ ሰው ይፈርምልናል፤ እከክልኝ ልከክልህ ሆኖ ይቀጥላል። ከይሉኝታው ጋር ደግሞ የዘመኑ ጭንቀት አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። በየቤታችን ወረቀቱን ይዞ የተቀመጠ ልጅ አለ፤ ወላጅ ያለ በር ሁሉ ያንኳኳል። በዚህ መካከል «ቢያንስ መንፈሳዊ ኮሌጅ ይግባ» የሚል ቃል ተለመደ። ይህን ቃል ከእንግዲህ አትናገሩት። ለሐኪምነትና ለመሐንዲስነት አይበቃም ያላችሁትን ልጅ ነፍስ እንዲጠብቅ ስትልኩት፣ ከሁሉ የሚያንሰው ሥራ የነፍስ ሥራ ነው ብላችሁ መመስከራችሁ ነው። ልጁ ጥሪ ካለው ውጤቱ አነስተኛ ቢሆንም ይምጣ፤ ዝግጅቱን ኮሌጁ ይመዝናል። ጥሪ የሌለውን ግን የሌላ በር መዘጋት ካህን አያደርገውም።

አሁን ልቤን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳዝነው ነገር ልምጣ፤ እርሱም የአብነት ተማሪው፣ በቤተ ክርስቲያን ባህላዊ ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ጉዳይ ነው። በጣና ደሴቶችና በዘጌ፣ በዋሸራ፣ በደብረ ኤልያስ ጎጆ ቀልሶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ የተማረ ወጣት አለ። የቅኔ ተማሪውን አስቡት፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ካለው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ሲደርስ፣ የታችኛውን ሳይችል የላይኛውን የፈቀደለት የኔታ የለም። ድጓ የተባለውን የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ የሚማረውም ወደ ድጓ ማስመስከሪያው ጉባኤ ቤት ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ሳያስመሰክር፣ ማለትም ተፈትኖ ዕውቀቱ ሳይረጋገጥለት፣ መምህር ተብሎ አይጠራም። አባቶቻችን መመዘኛን የሚያህል ነገር አላቃለሉም፤ ዘመድ ስላለው ያስመሰከረ፣ ስጦታ ስላመጣ ቅኔ የሞላለት ተማሪ አልነበረም። ይህ ወጣት ዛሬ ዲግሪ ሊማር ወደ ኮሌጅ ሲመጣ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ካርድ አምጣ ይባላል፤ የለውም። ያን ጊዜ ከእኛ አንዱ ተነሥቶ ካርድ አሠራለሁ ይለዋል። የእውነት ዕውቀት ያለውን ልጅ በሐሰት ወረቀት እናስገባዋለን፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ያ ወረቀት እንዳይወጣበት እየፈራ ይኖራል፤ የትምህርት ማስረጃ ማጣራት በተጀመረ ቁጥርም እንቅልፍ ያጣል።

ለእርሱ ልናደርግለት የሚገባን ሌላ ነበር። የአብነት ትምህርቱ በመመዘኛ ፈተና እንዲታይለት፣ የጎደለውን ሒሳብና እንግሊዝኛ በማካካሻ ትምህርት እንዲሞላ፣ ለኮሌጆቹና ለሀገረ ስብከቱ በግልጽ መጠየቅ እንችል ነበር፤ ይህን ለመጠየቅ ግን ስንት ሰበካ ጉባኤ በአጀንዳው አስፍሯል? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው፣ ሰነዳቸው የጠፋባቸው ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ለእነዚህ መራራት ግዴታችን ነው፤ ርኅራኄው ግን በፈተና በኩል ይምጣ። የተፈተነ ልጅ ቀና ብሎ ይሄዳል።

ከገቡም በኋላ እጃችንን አንሰበስብም። በአገራችን ኮሌጆች ተማሪ ለመመረቅ አማካይ ውጤቱ ከ2.00 እንዳያንስ ይጠየቃል፤ ሲያንስ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ካላሻሻለ ይሰናበታል። ክፍል መገኘትም ግዴታ ነው። መንፈሳዊ ኮሌጅ ይህን ደንብ ሲያስከብር እኛ ሽማግሌ እንልካለን፤ «የእግዚአብሔርን አገልጋይ እንዴት ትጥላላችሁ» እንላለን፤ ካህን በመሆኑ ብቻ የማይወድቅ ተማሪ እንዲኖር እንፈልጋለን። ማታ ክፍል የሚማር ዲያቆን ጓደኛው ፈርሞለት እርሱ ሠርግ ሲያጅብ ያመሻል፤ እኛም ሠርጋችን ላይ ስናገኘው የት መሆን እንደነበረበት አንጠይቀውም። የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ በየካምፓሱ ዙሪያ በገንዘብ ይሠራል፤ አሁን አሁንም ስልኩ የጻፈለትን ገልብጦ የሚያመጣ በዝቷል። ስለ ንስሐ የተጻፈ፣ ከሌላ ሰው የተሰረቀ የመመረቂያ ጽሑፍ አርሜ አውቃለሁ። ለዚያ ተማሪ ወላጆቹ የምርቃት ድንኳን ተክለው ጠበቁት፤ መመረቁ ሲዘገይ የተቈጡት በመምህሩ ላይ ነበር። ደብዳቤ ጽፈን ያስገባነውን ሰው በሽምግልና ካስመረቅነው፣ ትምህርት ቤቱ መካከል ላይ ምን ሊሠራ ነው?

ስለ ሴቶች ልጆቻችንም አንድ ነገር ልናገር። ደብዳቤ ለወንድ ሲሆን ሳንጠየቅ የምንፈርም ሰዎች፣ ነገረ መለኮት መማር የምትፈልግ ልጅ ስትመጣ «ቄስ አትሆኚ፣ ምን ያደርግልሻል» ብለን እንመልሳታለን። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚሁ በጎጃም ምድር ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩ መምህርት ናቸው፤ ከእርሳቸው የተማሩ ወንዶች መምህራን ሆነዋል። ሴት በመሆኗ ወይም በአካል ጉዳቷ ምክንያት ምስክርነት የከለከላችኋት ካለች፣ በሐሰት ከጻፋችሁት ደብዳቤ ያላነሰ በደል ሠርታችኋል።

ከእናንተ የሚፈለገው ከባድ አይደለም። ደብዳቤው የምታውቁትን ብቻ ይናገር፤ ልጁን ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቁት፣ ምን እንዳገለገለ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ምን እንደሚቀረው፣ ስለ እርሱ የሚጠየቀው አባት ማን እንደሆነ። በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ ስሙ ይነበብ፤ የንስሐ አባቱና የንባብ መምህሩ ይጠየቁ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ማኅተሙ ከጽሑፉ በኋላ ይረፍ። የማታውቁትን አናውቅም ማለትም ምስክርነት ነው። አንድ የገጠር አጥቢያ «ልጁ ወደ እኛ ከመጣ ስድስት ወሩ ነው፤ በእነዚህ ወራት ከማኅሌት አልቀረም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን አናውቅምና የቀድሞ አጥቢያውን ጠይቁ» ብሎ የላከውን ደብዳቤ አንብቤ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ አጥቢያ የሚመጣን ወረቀት ሁሉ ያለ ጥርጣሬ እቀበላለሁ። እምቢ ለተባለውም ልጅ ምክንያቱን ፊት ለፊት ንገሩት፤ ንባብ ጎድሎት ከሆነ አስተማሪ ፈልጉለት፤ በሚቀጥለው ዓመት ይመለስ።

በዚህ ክረምት ያልመረመራችሁትን ደብዳቤ የፈረማችሁ ካላችሁ ደግሞ ጊዜው ገና አላለፈም። ደብዳቤ የጻፈ አጥቢያ በራሱ ደብዳቤ ሊሽረው ይችላል። የቀድሞውን ቁጥርና ቀን ጠቅሳችሁ፣ ምስክርነቱ ተጣርቶ እንደገና እስኪላክ እንዳይሠራበት የሚል ወረቀት ለኮሌጁ ሬጅስትራር አስገቡ፤ ግልባጩን ለሀገረ ስብከቱ ላኩ፤ ለልጁና ለወላጆቹም የመግቢያ ፈተናው ከመድረሱ በፊት ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ከአፋችሁ ይስሙት።